የቆላ አየር

ፕሮፌሰሩ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው እንደተንጋለሉ፣ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው እንደሳቡ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ ተገኙ። ክፍሉ እንደተስተካከለ ነው። የተሰበረ ዕቃ፣ የፈሰሰ ደም፣ የትግል ምልክት የሚባል ነገር የለም። ሞት እንዲህ ጨዋ ሆኖ ሲመጣ መጠርጠር ነው ብላ የምታምን አንዲት መርማሪ ከታች ከከተማው ተጠርታ ጠመዝማዛውን መንገድ በመኪና ወጣች፤ ከመኪናው እስከ በሩ ያለችውን አጭር ዳገት ደግሞ አርፋ አርፋ፣ እየተነፈሰች ጨረሰች።

መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ቆይ እስቲ» ይሏታል። ሰው ሁሉ ነገሩ አልቋል ብሎ ሊነሣ ሲል «ቆይ እስቲ» የምትለው እሷ ስለሆነች ነው። በዚህ ጠባይዋ አለቆቿ ይሰለቿታል፣ ጠበቆች ይፈሯታል። ተራራው ግን አለቃም ጠበቃም አይደለምና ገና ከመግባቷ ራስ ምታት ለቀቀባት። ከሐዘኗ ተነሥታ ያስቀመጠቻት የሟቹ ሚስት ናት፤ የጣቢያው ሐኪም ነበረች። የልብ ምቷን አዳምጣ፣ ክኒንና ሙቅ ውሃ ሰጥታ፣ «ቀስ ብለው ይራመዱ፤ እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ለሚቸኩል ሰው አይሆንም» አለቻት። መርማሪዋ እዚያው ወደደቻት። በኋላ ያንገበገባት ይኸው ስለሆነ ከወዲሁ መናገሩ ይሻላል።

ቤቱ የእንቅልፍ ጥናት የሚካሄድበት ጣቢያ ነው። የሚኖሩበት አራት ሰዎች ነበሩ፦ ፕሮፌሰሩ፣ ሚስታቸው ዶክተሯ፣ የማሽኑ መካኒክ የሆነው የዶክተሯ ታናሽ ወንድም፣ እና የፕሮፌሰሩ የትምህርት ቤት ጓደኛ የሆነ ተመራማሪ። ይህ ጓደኛ በሠርጋቸው ጊዜ ሚዜያቸው ስለነበር እስከ ዛሬ «ሚዜው» ነው የሚባለው።

ጥናቱ ስለ አንዲት እጢ ነው። ፒኒያል ትባላለች፤ አንጎል መሃል ተሸጉጣ የምትኖር፣ መጠኗ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነገር ናት። ሲመሽ ሜላቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር ታመነጫለች፤ ሰውነት መምሸቱን የሚያውቀው በዚያ ነው። ዓይን ውስጥ ነጭ ብርሃን ከገባ ግን ሥራዋን ታቆማለች። ፕሮፌሰሩ ሊያውቁ የፈለጉት ኦክስጅን ሲያንሳትስ ምን ትሆናለች የሚለውን ነበር። ስለዚህ በጣቢያው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚበራው ቀይ መብራት ብቻ ነው። ሁሉም ሰው ከምሽት እስከ መኝታ ደጋግሞ ጥጥ ያኝካል፤ በምራቅ የራሰውን ጥጥ ብልቃጥ ውስጥ ከትቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጣል። እዚያ ቤት ጥጥ ማኘክ ጥርስ እንደመቦረሽ ያለ ነገር ሆኖ ነበር።

ባልና ሚስቱ ለጥናቱ ሲሉ ለየብቻ፣ በታሸጉ ሁለት ክፍሎች ይተኙ ነበር። ለሁለቱም ከማሽን ክፍሉ በነጭ ቱቦ ኦክስጅን የተጨመረበት አየር ይገባላቸዋል፤ «የቆላ አየር» ይሉታል። ወንድምየውና ሚዜው የተራራውን አየር እንዳለ ይተነፍሳሉ። ከዚህ ሌላ አየሩን በናይትሮጅን ይበልጥ የሚያሳሳ ቀይ ቱቦ አለ፤ ይህ የሚሠራው ከውጭ ለጥናቱ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሲመጣ ብቻ ነው ተብሏል። ፕሮፌሰሩ በሞቱበት ጠዋት ግን ቀዩ ቱቦ የእሳቸው ክፍል ላይ ተገጥሞ፣ ቫልቩም እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ተገኘ። አደጋ ሲመጣ የሚጮኸውን ደወል ያዘጉት ራሳቸው ፕሮፌሰሩ ነበሩ፤ የተኛ ሰው ይቀሰቅሳል፣ ውጤት ያበላሻል ብለው።

ጥፋተኛውም አልጠፋም። መካኒኩ ፖሊስ ሳይደርስ ነበር ያመነው።

መርማሪዋ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ፖሊስ በር ላይ ቆሞለት፣ ሳጥን ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ የቀላ ወጣት ነው።

«ቱቦውን ማን ገጠመው?» አለችው።

«እኔ። ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ እኔ ነኝ የምገጥመው፤ ጠዋት ደግሞ ፈትቼ አጥባለሁ።»

«ታዲያ ምን ተፈጠረ?»

«በቀይ መብራት ቀዩም ነጩም ቱቦ አንድ ነው የሚመስለው። ተሳሳትኩ። ሰው ገደልኩ።»

«ቆይ እስቲ። ቫልቩንም እስከ መጨረሻው የከፈትከው ተሳስተህ ነው?»

«አላውቅም። ሊሆን ይችላል።»

«ያን ምሽት ቀዩ ቱቦ የት ነበር መሆን የነበረበት?»

እስከዚህ ድረስ ጥያቄው ሳያልቅ ነበር የሚመልሰው። አሁን ጣቶቹን ማየት ጀመረ። ቆይቶ፣ «ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ» አለ።

ሰው እንደገደለ ሲናገር ድምፁ ያልተንቀጠቀጠ ልጅ፣ ቱቦ የሚሰቀልበትን ሲናገር ተንቀጠቀጠ። ነገሩ ከነከናት። አለቃዋ በስልክ ግን ሌላ አሳብ አልነበረውም፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፣ አምኗል፣ ይዘሽው ውረጂ አላት። መካኒኩ ከታች ከተማ የምታጠባ ሚስት ያለችው ሰው ነው፤ ሲፈታ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ይሆናል። እሷም የላቦራቶሪ ውጤት እጠብቃለሁ ብላ ጥቂት ቀን ለመነች። ላቦራቶሪው ምን እንደሚመረምር ገና እሷም አላወቀችም ነበር።

ከስልኩ በቀጥታ ወደ ማሽን ክፍሉ ሄደች። መስኮት የለውም። ቫልቮቹ በተርታ ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ በላይ ነጭ ሰሌዳ ላይ በቀይ ቀለም ምን እንደሆነ ተጽፏል። በሩን ዘግታ ነጩን አምፖል አጠፋችና ቀዩን አበራች። ጽሑፉ ጠፋ። በቀይ መብራት ቀዩ ቀለም ከሰሌዳው ጋር ተመሳስሎ አንዲት ፊደል እንኳ አትነበብም። ራስ ምታቷን ረስታ መካኒኩን አስመጣችው።

በራሷ ሻርፕ ዓይኑን አሰረችና የቱ ቫልቭ የምን እንደሆነ እየዳሰሰ እንዲነግራት ጠየቀችው። አንዱንም አልሳተም። ቱቦዎቹን እጁ ላይ ስታስቀምጥለት ደግሞ ሳያገላብጥ፣ «ይኼ ነጩ ነው፣ ጎማው ደረቅ ይላል፤ ይኼ ቀዩ፣ ለስላሳ ነው» አለ። ምን እንደተናገረ የገባው ሻርፑ ሲፈታለት ነው። ፊቱ ላይ የነበረው ግን እፎይታ አልነበረም፤ የፈራ ይመስል ነበር።

ሚዜውን ያገኘችው ክፍሉ ውስጥ ነው። ከፕሮፌሰሩ ጋር መጣላቱን አልደበቀም። ውጤቶቹ አልገጣጠም ብለውት ሲጠይቅ ፕሮፌሰሩ አፉን ዝጋ ብለውታል። የዚያን ምሽት የት ነበርክ ስትለው፣ በጊዜ ጥጡን አኝኮ፣ መብራት አጥፍቶ መተኛቱን አፉን ሞልቶ ነገራት። እሷም እጇን ትራሱ ሥር ሰድዳ የእጅ ባትሪና ገጹ የታጠፈ ወፍራም የፍቅር ልቦለድ አወጣች። ሰውየው ስለ ሞቱ ሲጠየቅ ያላላበውን አሁን አላበው።

«በየምሽቱ ነው?» አለችው።

«በየምሽቱ፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እባክሽ ለማንም አትናገሪ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ሳቋን ውጣ ስለዚያ ጠዋት ጠየቀችው። ሁልጊዜ ከሁሉ ቀድማ የምትነሣው ዶክተሯ ናት አላት፤ እንቅልፍ ከራቃት ቆይቷል፣ ገና ሳይነጋ ሻይ የምታፈላው እሷ ናት። ያን ዕለት ግን ወንድሟ ፕሮፌሰሩን አይቶ እየጮኸ ሲሮጥ እንኳ አልሰማችም፤ በሯን ደብድበው ነው የቀሰቀሷት። ፊቷ ጥግብ ብሎ የተኛ ሰው ፊት ነበር። የተናገረው ነገር ምን ያህል እንደሆነ አላወቀም፤ ወዲያው ወደ ባትሪው ጉዳይ ተመልሶ መለማመጥ ጀመረ።

ዶክተሯ ስትጠየቅ ሁሉንም በእርጋታ መለሰች። ጥጥ ለማኘክ ብቻ እየተነሣች ምሽቱን ሁሉ ጨለማ ውስጥ ተኝታለች፣ ምንም አልሰማችም። ከዚያ ሳትጠየቅ ስለ ወንድሟ አነሣች።

«እናታችን ስትሞት ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር። እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ልቡ ንጹሕ ነው፤ ግን ቸልተኛ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የያዘውን ነገር ይረሳል። ሆን ብሎ እንዳላደረገው ይመዝገብልኝ።»

መርማሪዋን አንጀቷን በላቻት፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ክኒኗን ውጣ እስክትጋደም ድረስ ስለ እህትነት ነበር የምታስበው። ጣራው ላይ አፍጥጣ ቃላቱን መልሳ ስትሰማቸው ነው ያልጣሟት። እህት ለወንድሟ መጸለይዋ ነበር፤ ጸሎቱ ሲያልቅ ግን ገመዱ በልጁ አንገት ላይ ጠብቋል።

ሲነጋ የማቀዝቀዣውን ብልቃጦች በሙሉ፣ የቆዩትንም የዚያን ምሽቱንም፣ ወደ ከተማ ላቦራቶሪ ላከች። ውጤቱ እስኪመጣ ደግሞ በማሽን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ቱቦ የሚገጠምባቸውን አፎች በመርፌ እየፈለፈለች ስታይ ዋለች። ሚዜው ሲያልፍ አይቷት አየሩ አናቷ ላይ ወጥቷል ብሎ አዘነላት።

ውጤቱ በመጣ ማግስት፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ሦስቱንም በምግብ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። መካኒኩ ከፖሊሱ ጎን ተቀመጠ። ዶክተሯ ለሁሉም ሻይ ቀዳች፤ ለመርማሪዋ ስትሰጣት፣ «ራስ ምታቱ ተሻለዎት?» አለቻት። ተሽሎኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ አለችና ስኒውን ሳትነካው ጀመረች።

«ቱቦ መሳሳት ይቻላል። ቱቦ ተሳስቶ ቫልቩንም እስከ ጥግ መክፈት ግን ስሕተት ነው ለማለት ይከብዳል። ደግሞ ይኼ ልጅ ዓይኑን ታስሮ ሁሉንም ለይቷል። የሚሠራው በእጁ ነው፤ ለዓይኑ አይደለም የሚያምነው። ስለዚህ ቀይ መብራት ሊያሳስተው አይችልም።»

መካኒኩ፣ «ተሳስቻለሁ ብያለሁ እኮ» አለ በቀስታ።

«ሰምቻለሁ። ለማን ብለህ እንደምትል ኋላ እንደርስበታለን። ያን ምሽት ቫልቭ የከፈተው ሰው ግን እንዳንተ አልነበረም። ሰሌዳውን ማንበብ ነበረበት፤ በቀይ መብራት ደግሞ አይነበብም። ነጩን አምፖል አብርቶ ሠርቷል። ክፍሉ መስኮት ስለሌለው ማንም አላየውም።»

«ማንም ካላየው በምን ይታወቃል?» አለ ሚዜው።

«በራሱ ምራቅ።»

እሷም ትንፋሿን ሰብስባ ቀጠለች። የሦስቱም ብልቃጥ ተመርምሯል። የመካኒኩ ሜላቶኒን ያን ምሽት እንደማንኛውም ምሽት ቀስ እያለ ጨምሯል። የአንደኛው ሰው ደግሞ ያን ምሽት ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ ዝቅተኛ ነው፤ ምክንያቱን ከእሱ ጋር ተነጋግረናልና እዚህ ማንሣት አያስፈልግም አለች። ሚዜው ስኒው ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም።

«ሦስተኛው ሰው ላይ ሜላቶኒኑ መጨመር ጀምሮ ነበር። ከዚያ ድንገት ወረደ። ከዚያ እንደገና መጨመር ጀመረ። ይህ ሰው ጨለማ ውስጥ ተኝቼ ነበር ብሎኛል።»

ዶክተሯ ስኒዋን አስቀመጠች። ድምፅዋ አልተለወጠም። «የኔ ሜላቶኒን ከወረደ ቆየ እኮ። ከፍታው ነው። የኛ ጥናት ያየውም ይህንኑ ነው፤ ኦክስጅን ሲያንስ እጢዋ ትደክማለች። በዚህ ሰው አይወነጀልም።»

«ቆይ እስቲ። ከፍታው ቀስ በቀስ ነው የሚወስደው፤ እናንተንም ያገኛችሁ እንዲያ ነው። በአንድ ምሽት ወስዶ በዚያው ምሽት አይመልስም። እንዲያ የሚያደርገው ብርሃን ነው። ግን የከፍታውን ነገር ስላነሡት ደስ ይለኛል፣ ዶክተር። ከሌሎቹ ቢወስድ ይገባኛል። ከእርስዎ ለምን ወሰደ? እርስዎ የሚተኙት የቆላ አየር ውስጥ ነበር።»

ይሄኔ ዶክተሯ ቀና ብላ ያየችው መርማሪዋን አልነበረም። ወንድሟን ነው ያየችው።

መርማሪዋ ከኪሷ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። የቀይ ጎማ ፍቅፋቂ ነው። ወደ ዶክተሯ ክፍል ከሚወስደው የቱቦ አፍ ውስጥ በመርፌ የለቀመችው ነው፤ ብዙ ነው፣ ግማሹም አርጅቶ ጠቁሯል። ከፕሮፌሰሩ በኩል የወጣው ትኩስ የሆነ አንድ ቁራጭ ብቻ ነበር። ቀዩ ቱቦ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አያውቅም ማለት ነው። ለብዙ ጊዜ፣ በየምሽቱ፣ ዶክተሯ ላይ ነበር የሚገጠመው። ባልየው ሚስቱን ሳትጠየቅና ሳታውቅ የጥናቱ መሞከሪያ አድርገዋታል፤ የቆላ አየር ነው እያሏት ከተራራው የባሰ ስስ አየር ያስተነፍሷት ነበር። ያን ምሽት አንድ ሰው ሁለቱን ቱቦዎች አቀያየረ። ቀዩ ወደ ባልየው ሄደ፣ ነጩ ወደ ሚስትየው።

«ስለዚህ ነው ያን ጠዋት በር እስኪደበደብ የተኙት» አለቻት። «ከስንት ጊዜ በኋላ የመጀመሪያዎ እንቅልፍ ነበር።»

ሚዜው እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ ለዶክተሯ የነገራት እሱ መሆኑን ሳይጠየቅ ተናዘዘ። ሜላቶኒንሽ ከኛም የባሰ ወርዷል፣ አንድ ነገር አለ ብሎ ነግሯት ነበር። ሌላ ነገር ያመጣል ብሎ በሕልሙም አላሰበም።

«ከእሱ ከሰማሁ በኋላ ማሽን ክፍሉ ሄጄ አየሁ» አለች ዶክተሯ። «በራሴ ክፍል ላይ ቀዩ ቱቦ ተገጥሞ አገኘሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተጨንቀሻል፣ ዕረፍት አድርጊ ሲለኝ የነበረው ባሌ ነው። እኔም ሐኪም ነኝ ብዬ ለራሴ መድኃኒት ስቀይር ነበር።»

መርማሪዋ አንድ ያልገባት ነገር ቀርቷት ነበር። «ከማሽን ክፍሉ ተመልሰው ጥጡን ለምን አኘኩ? ባያኝኩት ይህ ሁሉ አይገኝም ነበር።»

ዶክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ ገባት። «አላሰብኩበትም» አለች። «ሰዓቱ ሲደርስ አኘክሁ፣ ቁጥሬን ጽፌ አስቀመጥኩ። ሁልጊዜ የማደርገው ነው።»

መካኒኩ ከተቀመጠበት ተነሣ። ፖሊሱ ሊይዘው ሲል መርማሪዋ በእጇ ከለከለችው። ልጁ ጠረጴዛውን ዞሮ እህቱ እግር ሥር ተንበረከከ። በስሕተት የገደልኩት እኔ ነኝ ሲል የቆየው ከዚያ ወዲያ የሚጠየቀውን ፈርቶ ነበር፤ ቀዩን ቱቦ ማን ላይ ሲገጥም እንደነበር ከሚናገር መታሰሩን መርጦ ነበር።

«እታለም፣ ለጥናቱ ነው አሉኝ። አይጎዳትም፣ ካወቀች ውጤቱ ይበላሻል አሉኝ። ሥራውን ደግሞ ያገኘሁት በእሳቸው ነው። አይጎዳትም አሉኝ።»

«እዚያ አልጋ ላይ ፅንስ አስወረደኝ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «የዚያን ቀን እጄን ይዘህ ከኔ በላይ አለቀስክ። ሲመሽ ምን እንዳደረግክ ታስታውሳለህ?»

ልጁ ግንባሩን ወለሉ ላይ ደፋ።

«ሄደህ ያንኑ ቱቦ ገጠምክ። እሱ ባል ነው፣ ባል ከሰው ነው የሚገኘው። አንተን ግን እኔ ነኝ ያሳደግኩህ።» ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ቱቦውን ያቀያየርኩት ይኼ ልጅ የተሳሳተ እንዲመስል ነው። ልክ ነዎት። አስቤበት ነው። ሁለቱም እንዲጠፉልኝ ነበር የፈለግሁት።»

መርማሪዋ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ አንዳቸውም እንዲህ አላስከፏትም። የሰጠቻት ክኒን፣ የቀዳችላት ሻይ፣ ለወንድሟ የለመነችው ልመና ሁሉ ተራ በተራ መጣባት። ማን ላይ መናደድ እንዳለባት ግን አላወቀችም፤ ሴትየዋን ስትጠላት ሟቹ ይመጡባታል፣ ሟቹን ስትጠላቸው ሳጥን ላይ የተቀመጠው ልጅ ይመጣባታል። ፖሊሱን ልጁን ልቀቀው አለችው።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሯን ይዘው ሊወርዱ መኪናው ተዘጋጀ። ውጭው ብርድ ነበርና ወንድሟ ካፖርቷን ይዞ ሮጦ መጣ። ሳታየው ተቀብላ ለበሰችና ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። መርማሪዋ ከፊት ሆና ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የሚጠየቀውን ጠየቀቻት፤ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ሕመም ካለባት።

«የሚጠራልዎ የቅርብ ዘመድ ማን ልበል?»

ወንድሟ የመኪናውን በር እንደያዘ ቆሟል። ዶክተሯ ካፖርቷን ቆለፈች።

«የለኝም» አለች።

መርማሪዋ ብዕሯን እንደያዘች ጠበቀች፤ «ቆይ እስቲ» ለማለት አፏ አልታዘዝ አላት። ልጁ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።